አንተ እኮ ድርጅት ነህ

እንዴት ናችሁ? ዛሬም ከዋና መሥሪያ ቤት ነው የማወራችሁ። ከካምሪዋ ውስጥ ማለቴ ነው፣ ለአዲሶቹ። ደለስ ኤርፖርት ወረፋ ላይ ነኝ። ከፊቴ ሠላሳ ምናምን መኪና አለ። የሚያጉረመርመው ኤሲው ነው፣ እኔ አይደለሁም።

ስለ እህቴ ስለ ሚጣ ነው። እሁድ እማዬ ቤት ነን። አቦሉ አልቆ ቶናው እየፈላ ነው። ሚጣ ስኒ ታለቀልቃለች። እኔ ስለ መንግሥት እየለፈለፍኩ ነው፣ ታውቁኛላችሁ። የ2008ቱን የአሜሪካ የገንዘብ ቀውስ አነሳሁ፣ በፈረንጆቹ። ለባንኮች 700 ቢሊዮን ዶላር ሲፈቀድ፣ ያ ጎረቤታችን ደግሞ ቤቱን ሲነጠቅ፣ ሶፋው ዝናብ ላይ ወጥቶ… «ይሄ መንግሥት ለድርጅት እንጂ ለሰው አያዝንም» አልኩ። ሞቅ ብሎኛል። ሚጣ ቀና እንኳ ሳትል፣

«አንተ እኮ ድርጅት ነህ» አለች።

ሳቅኩ። እማዬም ሳቀች። ሚጣ ስኒዋን ደፋችና ሌላ አነሳች።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ፒፒፒ፤ በኮቪድ ጊዜ መንግሥት ለድርጅቶች ያመቻቸው ብድር ማለቴ ነው። ማርች 2021 ላይ ሕጉ ላላ፤ ብቻውን የሚሠራም ሰው በጠቅላላ ገቢው መበደር ይችላል ተባለ። የዓመቱን ገቢ ለ12 ታካፍላለህ፣ በ2.5 ታባዛለህ፣ አለቀ። እኛ ሹፌሮች እዚሁ ወረፋ ላይ በስልክ ነበር የምንሞላው። «የሠራተኛ ብዛት» ይላል። 1 ብዬ ጻፍኩ። ሠራተኛውም እኔ፣ ሥራ አስኪያጁም እኔ። 14 ሺህ ዶላር ገባልኝ። ከወራት በኋላ አንዲት ቅጽ ሞላሁ፣ ተሰረዘልህ ተባልኩ። ማንም ለምን ተበደርክ፣ ማን ተበደር አለህ ያለኝ የለም።

ሚጣ የኮሌጅ ዕዳዋ 23 ሺህ ነው። ባይደን በ2022 ይሰረዛል ሲሉ፣ ፔል ግራንት፣ ያ ገቢው ዝቅ ላለ ተማሪ መንግሥት የሚሰጠው ድጎማ፣ ስለነበራት 20 ሺው ይነሳላት ነበር። እማዬ ለማርያም ጥላ ተሳለች። ጁን 30፣ 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 ውድቅ አደረገው። ጥላው አልተገዛም። ያኔ ሰው ምን እንደሚል ታስታውሳላችሁ፤ «ፈርመሽ ተበድረሽ፣ እኔ ግብር ከፋዩ ለምን ልክፈልልሽ?» የእኔን ግን… ፒፒፒ እኮ ወደ 800 ቢሊዮን ዶላር ነው።

በእርግጥ አንድ አይደለም። ሥራ የቆመው በወረርሽኙ ነው፣ ኤርፖርቱ ጭር ብሎ ነበር፣ እኔም ልጅ አለኝ። ብድሩም ሲሰጥ ጀምሮ ይሰረዛል ተብሎ ነው። ይሄን ሁሉ ለሚጣ ልነግራት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ምክንያቱም እሷ ያኔ ሆስፒታል ማታ ማታ እየሠራች ነበር፤ እኔ ነኝ የማደርሳት። ሒሳብ አልቀበላትም ነበር፣ ይቆጠርልኝ።

አይ፣ ይሄን ባልል ይሻል ነበር።

ቆይ፣ መስመሩ ተንቀሳቀሰ። ሁለት መኪና። እሺ።

ማታ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። እነዚያ የምሰድባቸው ትልልቅ ባንኮች የወሰዱትን ከነትርፉ መልሰዋል። ቤቱን ለተነጠቀው ምንም አልፈየደለትም፣ ግን መልሰዋል። እኔ ነኝ ያልመለስኩት። ማን ጠይቆኝ? ሕጋዊ ነው እኮ! ለማን ነው የምመልሰው ደግሞ…

እማዬ ቡናውን እየቀዳች «ላለው ይጨመርለታል» አለች። ለማን እንዳለችው አላውቅም። ወደ ስኒው ነበር የምታየው።

ለሚጣ ወርሃዊውን ልክፈልላት ብዬ አስቤ ነበር። ከዚያ የካምሪዋ ጎማ መጣ። አራቱም። ስለ ጎማ ዋጋ አንድ ቀን ሙሉ ክፍል እሠራለሁ፣ አስታውሱኝ።

ትናንት ደወለች። ቅዳሜ ኤርፖርት አድርሰኝ አለች። እሺ አልኳት። «ደረሰኝ ትሰጣላችሁ?» አለች። ትሰጣላችሁ፣ በብዙ ቁጥር። የሳቀች መስሎኝ ነበር፣ ግን መስመሩም ይቆራረጥ ነበርና… ቆይ፣ ጥሪ መጣ። ወደ ሬስተን ነው። ሬስተን ደህና ነው፣ ልቀበለው…