ሎጎው ያምራል፤ ፎቶ ኮፒ ሲደረግስ?

[ስክሪን፦ አንድ ሎጎ በትልቁ፤ ጥላ አለው፣ ወርቃማው ወደ ብርቱካናማ ይቀየራል፣ ከሥሩ በቀጭን ፊደል መፈክር አለ]

ይህን ሎጎ እዩት። ያምራል አይደል? ዲዛይነሩ በትልቅ ስክሪን አሳየ፣ ባለቤቱ ደስ አለው፣ ክፍያው ተፈጸመ።

[ስክሪን፦ ያው ሎጎ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ፤ ቀጥሎ በብሮውዘር ታብ ላይ]

አሁንስ? ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ወርቃማው ወደ ግራጫ ተቀየረ። መፈክሩን ማንበብ አይቻልም። ብሮውዘር ላይ ከገጹ ስም አጠገብ የምትታየው ትንሽዬ ምስል ደግሞ ብዙ ጊዜ 16 በ16 ፒክስል ናት። እዚያ ውስጥ ይሄ ሎጎ ምኑም አይለይም።

በዚህ ቪዲዮ የድርጅት መለያ እንዴት እንደሚሠራ እናያለን። ሎጎው፣ ቀለሙ፣ ሌተርሄዱ (የድርጅቱ ስምና አድራሻ የታተመበት የደብዳቤ ወረቀት)፣ ቢዝነስ ካርዱ። አቋሜን ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ሥራው መጀመር ያለበት ሎጎው በጣም ከሚጎሳቆልበት ቦታ ነው። ፎቶ ኮፒውንና ታቡን ካለፈ፣ ቢልቦርዱ ብዙ አያሳስብም።

[ስክሪን፦ በርሊን የሚገኘው የኤኢጂ ተርባይን ፋብሪካ]

መጀመሪያ ግን መለያ ስንል ሎጎ ብቻ ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1907 የጀርመኑ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ኤኢጂ፣ ፒተር ቤረንስ የሚባል ሰው የሥነ ጥበብ አማካሪ አድርጎ ቀጠረ። ሰውዬው ሎጎ ሠርቶ ሂሳቡን ተቀብሎ አልሄደም። ካታሎጉን ነደፈ። ማስታወቂያውን ነደፈ። የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያውን፣ መብራቱን፣ ይሄ የምታዩትን ፋብሪካ ሳይቀር ነደፈ። የድርጅት መለያ ታሪክ ሲነሳ ብዙዎች ከኤኢጂ የሚጀምሩት ለዚህ ነው። ማንቆርቆሪያውን የገዛውም፣ ካታሎጉን የገለጠውም፣ በፋብሪካው በር ያለፈውም የአንድ ድርጅት ሥራ እያየ እንደሆነ ይገባዋል።

[ስክሪን፦ ባዶ ወረቀትና እርሳስ]

ወደ ሥራው እንግባ። ኮምፒውተሩን ገና አትክፈቱ። ባለቤቱን ጠይቁት፦ ደንበኞችህ እነማን ናቸው? ሎጎው በብዛት የሚታየው የት ነው፤ ስልክ ላይ፣ መኪና ላይ፣ ካርቶን ላይ፣ ዩኒፎርም ላይ? ተፎካካሪዎችህ ምን ዓይነት ቀለምና ቅርጽ ይጠቀማሉ? «ዘመናዊና ማራኪ ይሁን» የሚል መልስ ከመጣ ጥያቄውን ድገሙት። አሮጌና አስቀያሚ ይሁንልኝ ያለ ደንበኛ እስካሁን አልገጠመኝም።

ስሙና ምልክቱ በሌላ ሰው የንግድ ምልክትነት አለመመዝገቡንም በዚሁ ጊዜ አጣሩ። ካርዱ ከታተመ በኋላ ማወቅ ኪሳራ ነው።

ከዚያ ሳሉ። በእርሳስ፣ በትንሹ፣ በብዛት። በጥቁር ብቻ። ቀለም ደካማ ቅርጽን ይሸፍናል፤ ስለዚህ ቅርጹ ሳያልቅ ቀለም አታስገቡ። ደንበኛውም የመጀመሪያውን ሐሳብ በጥቁርና ነጭ ቢያየው ይሻላል። አለበለዚያ ውይይቱ በሙሉ «ሰማያዊው ትንሽ ይድመቅ» ላይ ተቸክሎ ይቀራል።

[ስክሪን፦ ሁለቱ የናሳ ሎጎዎች ጎን ለጎን]

እነዚህን ሁለት እዩ። ሁለቱም የአሜሪካው የጠፈር ተቋም የናሳ ናቸው። በግራ ያለው ክቡ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ያለ ነው። ሰማያዊ ክብ፣ ከዋክብት፣ ቀይ ክንፍ፣ ዙሪያውን የሚዞር ነጭ መስመር፣ በላዩ ላይ የተቋሙ ስም። በትንሹ ሲታተም ወይም በአንድ ቀለም ሲወጣ ያስቸግራል። በ1975 ሪቻርድ ዳን እና ብሩስ ብላክበርን የተባሉ ዲዛይነሮች በቀኝ ያለውን አመጡ። አራት ፊደል፣ አንድ ቀለም (ቀይ)፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ውፍረት ያለው መስመር። «ኤ» የሚባለው የላቲን ፊደል መሃሉ ላይ ያለችው አግዳሚ መስመር እንኳ ተነስታለች። ስሙ ግን ይነበባል።

በኔ ሚዛን ከሆነ ቀዩ አሸናፊ ነው። ግን ምን ሆነ? በ1992 ናሳ ቀዩን ትቶ ወደ ክቡ ተመለሰ። ሰው ወዶታላ! የጨረቃ ጉዞ ዘመን ትዝታ ያለው እሱ ላይ ነው። በ2020 ደግሞ ቀዩ ጠፈርተኞችን ይዞ በተነሳ ሮኬት ጎን ላይ ተመልሶ መጣ፤ ዛሬ ሁለቱም አሉ። ለሕትመት መመቸት አንድ ነገር ነው፤ የሰው ልብ ውስጥ መግባት ሌላ። የቆየ ድርጅት ሎጎ ቀይሩ ስትባሉ ይቺን አስታውሱ። ጋፕ የተባለው የልብስ ኩባንያ በ2010 የታወቀበትን ሰማያዊ ሳጥን በአዲስ ሎጎ ቀየረና፣ ኢንተርኔቱ ጉድ ሲፈላበት በሳምንት ገደማ ወደ ድሮው ተመለሰ።

አዲስ ድርጅት ግን ትዝታ የለውም። ስለዚህ ስሙን ያሳይ። «ናይኪ እኮ ምልክት ብቻ ነው ያለው» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። ማስተርካርድ ስሙን ከሁለቱ ክቦች ላይ ያነሳው በ2019 ነው፤ ክቦቹን ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ካስለመደ በኋላ። ገና ትናንት የተከፈተ ቤት ያንን ልሞክር ቢል ማን ያውቀዋል?

[ስክሪን፦ አንድ ፊደል ሁለት ጊዜ፤ አንዱ ዙም ሲደረግ ይሰባበራል፣ ሌላው ጥርት ብሎ ይቆያል]

የመጨረሻው ሎጎ በቬክተር መሠራት አለበት። ፎቶ በነጥቦች የተሞላ ነው፤ ስታሳድጉት ነጥቦቹ ይታያሉ። ቬክተር ግን ቅርጹን በመስመርና በኩርባ ሒሳብ ነው የሚይዘው፤ እስክሪብቶ ላይም ሕንጻ ላይም እኩል ጥርት ይላል። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

[ስክሪን፦ ሰማያዊ ሎጎ ያላቸው ብዙ ካርዶች ተደርድረው]

ወደ ቀለም ስንመጣ፣ ሰማያዊ መተማመንን ያሳያል፣ ቀይ ጉልበትን፣ አረንጓዴ ተፈጥሮን ሲባል ሰምታችኋል። እኔ ብዙም አልገዛውም። አይቢኤምም፣ ፌስቡክም፣ ሳምሰንግም ሰማያዊ ናቸው። ሁሉም «እመኑኝ» ካለ ማን ከማን ይለያል? ይልቅ ተፎካካሪዎችን በአንድ ገጽ ላይ ደርድሩና ያልተያዘው ቀለም የትኛው እንደሆነ እዩ። ዩፒኤስ ቡናማ ይዞ፣ የጀርመኑ ቴሌኮም ማጀንታ ይዞ ከሩቅ ይታወቃሉ። የቡናማ ትርጉም ምንድን ነው ብሎ የሚጨነቅ የለም።

አንድ ዋና ቀለም፣ አንድ ረዳት፣ ጥቁርና ግራጫ። ለአብዛኛው ድርጅት ይበቃል።

አሁን ብዙ ጠብ የሚያስነሳው ጉዳይ። ስክሪን ቀለም የሚሠራው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እየደባለቀ ነው፤ አርጂቢ ይባላል። ማተሚያ ማሽን ደግሞ ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ወረቀት ላይ ያሳርፋል፤ ሲኤምዋይኬ ይባላል። ብርሃን ሲደራረብ ይደምቃል፣ የሕትመት ቀለም ሲደራረብ ይጨልማል። ስለዚህ ስክሪን ላይ ዓይን የሚስበው ኒዮን አረንጓዴ ወረቀት ላይ ደብዝዞ ይወጣል። ማተሚያ ቤቱን መጨቅጨቅ ዋጋ የለውም፤ ማሽኑ ያንን ቀለም ማውጣት አይችልም።

መፍትሔ ከሚባሉት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የፓንቶን ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ቀለም ቁጥር አለው፤ አታሚው ማሽኑ ላይ ነጥብ በነጥብ ከመደባለቅ ይልቅ ቀድሞ የተደባለቀውን ይጠቀማል። እዚህም ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ።

[ስክሪን፦ ሁለት የቀለም ናሙናዎች በቅርበት፤ አንዱ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ፣ አንዱ ተራ ወረቀት ላይ]

እነዚህ ሁለቱ አንድ ቁጥር ያላቸው ናቸው። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለችውን ፊደል እዩ። «ሲ» ልባስ (ስስ ሽፋን) ላለው ወረቀት ነው፣ «ዩ» ልባስ ለሌለው። ልባስ የሌለው ወረቀት ቀለሙን ይመጠዋል፤ ያው ቀይ ይፈዝዛል። ካርዱን በልባስ፣ ሌተርሄዱን ያለ ልባስ ካሳተማችሁ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ቀለማቸው አይገጥምም። ቁጥሩን ብቻ አምናችሁ አትዘዙ። ለየወረቀቱ ናሙናውን በዓይናችሁ አይታችሁ ምረጡ፤ አንዳንዴ እንዲመሳሰሉ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች መምረጥ ያስፈልጋል።

ሁሉም ሰው ቀለምን እኩል እንደማያይም አትርሱ። የሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች ከ12 አንዱ ገደማ ቀይና አረንጓዴን መለየት ይቸገራል። መልእክቱ በቀለም ልዩነት ላይ ብቻ ከቆመ እነዚህን ሰዎች ታጣላችሁ። ነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍም ይቅርባችሁ። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው ለመደበኛ ጽሑፍ፣ በጽሑፉና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የብርሃን ንፅፅር ይጠይቃል።

[ስክሪን፦ ኤ4 ወረቀት ለሦስት ሲታጠፍ፣ ከዚያ ፖስታ ውስጥ ሲገባ]

ሌተርሄድ። ብዙ ዲዛይነር በአሥር ደቂቃ ጨርሶ የሚያልፈው ነገር። እኔ ግን የዲዛይነር ጥንቃቄ የሚለካው እዚህ ነው እላለሁ።

ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። ለሦስት ሲታጠፍ ቁመቱ 99 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ዲኤል የሚባለው ረጅሙ ፖስታ 110 በ220 ስለሆነ ልክክ ብሎ ይገባል። እንግዲህ እጥፋቱ ከላይ 99 እና 198 ሚሊ ሜትር ላይ ነው የሚያርፈው። እዚያ ቦታ ላይ ምንም ነገር አታስቀምጡ። ፖስታው አድራሻ የሚታይበት መስኮት ካለው ደግሞ የተቀባዩ አድራሻ የት እንደሚጻፍ የሚወስነው መስኮቱ ነው፤ የናንተ ውበት አይደለም።

ወረቀቱ በካሬ ሜትር ከ90 እስከ 120 ግራም የሚመዝን ቢሆን፣ ልባስም ባይኖረው ይመረጣል። ፊርማ ይፈረምበታል፣ ማኅተም ይመታበታል፤ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ ቀለሙ ሳይደርቅ ሲነካ ይበላሻል። በሙቀት አብጦ የሚወጣ የጌጥ ሕትመትም ሌተርሄድ ላይ አይመከርም። ሌዘር ፕሪንተር ውስጥ ሲገባ ሙቀቱ መልሶ ሊያቀልጠው ይችላል።

ዛሬ አብዛኛው ደብዳቤ የሚጻፈው ደግሞ በማይክሮሶፍት ወርድ ነው። የሚያምር ፒዲኤፍ ሌተርሄድ አስረክቦ መሄድ ለቢሮው ሠራተኛ ምንም አይጠቅመውም። ኅዳጉ የተስተካከለ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሙሉው ራስጌ የማይደገም፣ ተጽፎበት የሚላክ የወርድ ቴምፕሌት ስጡት። ፎንቱም ሠራተኛው ኮምፒውተር ላይ መኖሩን አረጋግጡ። ከሌለ ወርድ የራሱን መርጦ ይተካና የደከማችሁበት ሁሉ ውሃ ይበላዋል። ስሙ በሁለት ዓይነት ፊደል የሚጻፍ ከሆነ ፎንቱ ሁለቱንም መያዙን፣ ውፍረታቸውም መቀራረቡን እዩ።

[ስክሪን፦ ቢዝነስ ካርድ፣ ዙሪያውን የመቁረጫ መስመር ያለው]

ካርዱ በብዙ አገር 85 በ55 ሚሊ ሜትር ነው። የጀርባው ቀለም ጠርዝ ድረስ የሚሄድ ከሆነ በሁሉም በኩል 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ጨምሩ፤ መቁረጫው ትንሽ ከሳተ ነጭ ክር እንዳይታይ። ጽሑፉን ደግሞ ከጠርዙ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አስገቡት። ወረቀቱ 300 ወይም 350 ግራም። አንድ ገጽ ልባስ የሌለውና ባዶ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ካርድ የተቀበለ ሰው «ማክሰኞ ደውል» ብሎ በእስክሪብቶ ይጽፍበታል። ሦስት ስልክ፣ ሁለት ኢሜይልና አምስት የሶሻል ሚዲያ ምልክት የታጨቀበት ካርድ ማንም አያነበውም። አንድ ስልክ፣ አንድ ኢሜይል፣ አንድ ድረ ገጽ።

[ስክሪን፦ የፋይል ፎልደር]

ርክክቡ ላይ እንፍጠን። ሎጎው በሙሉ ቀለም፣ በጥቁር፣ በነጭ። ለማተሚያ ቤት ቬክተር፣ ለቢሮ መደቡ የተነሳ የፒኤንጂ ምስል ፋይል። የፋይሉ ስም «የመጨረሻ የመጨረሻ 3» አይሁን። ከዚያ አጭር መመሪያ፦ ሎጎው ከስንት ሚሊ ሜትር በታች እንደማያንስ፣ ዙሪያው ምን ያህል ባዶ ቦታ እንደሚተው፣ የቀለሞቹ ቁጥሮች፣ ፎንቶቹ፣ ምን ማድረግ እንደማይቻል። መቶ ገጽ መመሪያ ያስከብር ይሆናል፣ የሚከፍተው ግን የለም። ስድስት ገጽ ይነበባል።

[ስክሪን፦ የታተመ ናሙና ካርድ በእጅ ተይዞ]

ሙሉው ሕትመት ከመታዘዙ በፊት ናሙና አስወጡ። በቀን ብርሃን እዩት። ፎቶ ኮፒ አድርጉት። ከዚያ ስልካችሁን አንሱና ካርዱ ላይ ያለውን ቁጥር ከካርዱ እያያችሁ ደውሉ። ከኮምፒውተራችሁ አትገልብጡ፤ ከካርዱ። ኢሜይሉንም እንደዚያው ከካርዱ እያነበባችሁ ጻፉና ላኩ። ቁጥሩ ከጠራ፣ ኢሜይሉም ከደረሰ፣ ይታተም በሉ።