ጥርስ በሙሉ ካለቀ በኋላ፦ የኢምፕላንት ነገር

(ምስል፦ ውኃ የተሞላ ብርጭቆ፤ ውስጡ ተነቃይ ጥርስ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ማታ ጥርሱን አውልቆ ብርጭቆ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው በቤታችሁ ካለ፣ የዛሬው ጉዳይ ለእናንተ አዲስ አይደለም። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ጠንከር ያለ ምግብ ሲቀርብ «ጠግቤያለሁ» ይላል። ርቦት እኮ ነው!

ተነቃይ ጥርስ መጀመሪያ ልክክ ብሎ ይገባል፣ ከጊዜ በኋላ ግን ይላላል። ለምን? ጥርሱ ተበላሽቶ አይደለም። የመንጋጋ አጥንት ጥንካሬውን የሚጠብቀው ስናኝክ በጥርስ ሥር በኩል በሚደርሰው ጫና ነው። ሥሩ ሲጠፋ አጥንቱ ሥራ ይፈታና እየሟሸሸ ይሄዳል።

(ምስል፦ በአጥንት ውስጥ ያለ ብሎን)

ኢምፕላንት ማለት ያን የጠፋውን ሥር የሚተካ ትንሽ የቲታኒየም ብሎን ነው። ነገሩ የተጀመረው በጥንቸል ነው። ስዊድናዊው ተመራማሪ ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጥንቸል አጥንት ውስጥ የከተተውን የቲታኒየም ዕቃ ላውጣ ቢል እምቢ አለው። አጥንቱ ከብረቱ ጋር ተዋህዷል። በ1965 የመጀመሪያውን ሰው በዚሁ ዘዴ አከመ።

«ታዲያ 14 ጥርስ ለመተካት 14 ብሎን ልታስገቡብኝ ነው?» ብሎ የሚደነግጥ ብዙ ነው። አይደለም። ለአንድ መንጋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ይበቃል። ጥርሶቹ እርስ በርስ ተያይዘው እንደ ድልድይ በብሎኖቹ ላይ ይታሰራሉ። የኋለኞቹን ብሎኖች ብዙ ጊዜ አዘንብለው ነው የሚያስገቧቸው። ምክንያቱም ላይኛው መንጋጋ ከኋላ በኩል ሳይነስ የሚባል አየር የሞላው ክፍተት አለበት፤ በታችኛው ደግሞ ነርቭ ያልፋል። ያ ነርቭ ከተጎዳ ከንፈርና አገጭ ሊደነዝዝ ይችላል። ስለዚህ ቀድሞ ሲቲ ስካን መነሳት የግድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «በአንድ ቀን ጥርስ» ሲባል ሰምታችኋል? ውሸት አይደለም፣ ግን ያን ቀን የሚገጠመው ጊዜያዊው ጥርስ ነው። አጥንቱ ብረቱን አጥብቆ እስኪይዝ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። በዚህ መሃል ብሎኑ ከልክ በላይ ከተነቃነቀ፣ በአጥንት ፈንታ ለስላሳ ሥጋ ይከበዋል። እንዲያ ከሆነ ደግሞ አይጸናም። ሐኪሙ «ለስላሳ ብቻ ብላ» ሲል እባካችሁ ስሙት። ሕመሙ ስለቀረ ድኗል ማለት አይደለም።

ሲጋራ የምታጨሱ፣ ስኳራችሁ ያልተስተካከለ፣ ለአጥንት መሳሳት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ። የመዳን ሂደቱን በቀጥታ የሚነካ ነገር ነው።

አቅም ካልፈቀደ ታች 2 ኢምፕላንት አስገብቶ ተነቃዩን ጥርስ በላዩ ቀጭ ማድረግም ይቻላል። ያኔ ጥርሱ ምላስ በነካው ቁጥር አይንሸራተትም። እኔ ይሄን አማራጭ በጣም እወደዋለሁ። ለብዙ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

(ምስል፦ በድልድዩ ሥር የሚገባ ቀጭን ብሩሽ)

ኢምፕላንት አይበሰብስም፤ ዙሪያው ያለው ድድ ግን ይቆጣል። ካልጸዳ ቁጣው ወደ አጥንቱ ይወርዳል፣ ያውም ብዙ ጊዜ ሳያም። ስለዚህ ቋሚው ጥርስ ሲገጠምላችሁ ከወንበሩ ከመነሳታችሁ በፊት መስታወት ጠይቁ። ብሩሹ በድልድዩ ሥር በየት በኩል እንደሚገባ ያሳዩአችሁ፤ ከዚያ እነሱ ፊት ራሳችሁ ሞክሩት።