ቱቦውን ስትነፉ የሚሰማው ድምፅ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከጥምቀት ጀምሮ አንድ ነገር ሲመላለስብኝ ነበር፣ ዛሬ ላውራው ብዬ ነው ማይኩን የከፈትኩት።

ለበዓሉ ቤት የተጎዘጎዘውን ቄጠማ በማግስቱ የጠረግኩት እኔ ነበርኩ። ከመሃሉ አንዱ ከነሥሩ የተነቀለ ነበር። ሥሩ ላይ ጥቁር ጭቃ ደርቆበታል። ጭቃውን በጣቴ ፈርፈር አድርጌ አሸተትኩት። ያን ሽታ አውቀዋለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ልብሴም ጫማዬም እሱን እሱን ሲሸት ነበር የከረመው።

ዛሬ ደግሞ ጥር 25 ነው፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2። የዓለም የረግረግ መሬት ቀን ነው። በ1971 ኢራን ውስጥ፣ ራምሳር በምትባል ከተማ፣ አገሮች ረግረግን ለመጠበቅ የተስማሙበት ዕለት ነው። እና ዛሬ ስለ ረግረግ አጥኚዎች ላውራችሁ።

ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ለአንዲት መምህሬ የመስክ ረዳት ሆኜ ፎገራ ሠርቻለሁ። ፎገራን ለማታውቁት፣ ከጣና በስተምሥራቅ ያለው ሰፊ ሜዳ ነው፣ ወረታ ያለችበት። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወርደው በዚያ ሜዳ አልፈው ነው ጣና የሚገቡት። ክረምት ሲበረታ ወንዞቹ ከአፋቸው ይወጣሉ፣ ሐይቁም ከፍ ይላል፣ ሜዳው ውሃ ይለብሳል። አምባዛ ከሐይቁ ወጥቶ ውሃ በተኛበት ሣር መሃል እንቁላሉን የሚጥለው ያኔ ነው። ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ሣሩ ለከብት ይሆናል። የፎገራ ከብት እኮ ዝናው ዝም ብሎ የመጣ አይደለም።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከመሄዴ በፊት ረግረግ ማጥናት ማለት ወፍ መቁጠር ይመስለኝ ነበር። ወፉም ይቆጠራል፣ ጥቁር ዘውዳማ ሽመላ ሲነሳ ያየ ሰው አይረሳውም። የእኔ ሥራ ግን ቧንቧ ነበር። መሬቱን በመሰርሰሪያ ትበሱታላችሁ፣ ከዚያ ጎኑ የተበሳሳ የፕላስቲክ ቧንቧ ታስገባላችሁ። ውሃው በቀዳዳዎቹ ገብቶ ከመሬት በታች ባለበት ከፍታ ልክ ቧንቧው ውስጥ ይቆማል። በየሳምንቱ ሄዳችሁ ስንት እንደደረሰ ትለካላችሁ። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው።

አለካኩን ግን ልንገራችሁ፣ እኔ በጣም ስለምወደው። ድምፅ የሚያወጣ የኤሌክትሪክ መለኪያ አለ፣ እኛ ግን አልነበረንም። ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ከሜትር ጋር እናስራለን። አንዱን ጫፍ አፌ ውስጥ እይዛለሁ፣ ሌላውን ቀስ እያልኩ ወደ ቧንቧው አወርዳለሁ፣ እያወረድኩም እነፋለሁ። ጫፉ ውሃ ሲነካ ከታች ቡልቅ ቡልቅ ይላል። እዚያው አቁሜ ሜትሩን አነባለሁ። በጠዋት፣ ሜዳው ላይ ማንም ሳይኖር፣ አንገቴን ደፍቼ ያን ድምፅ ስጠብቅ ከመሬቱ ጋር የማወራ ነበር የሚመስለኝ።

አፈሩም ይናገራል። መሰርሰሪያው ይዞት የሚወጣውን አፈር በተርታ እንዘረጋው ነበር። ላዩ ጥቁር ነው፣ አንዳንዴ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ዝቅ ሲል ግራጫ ይሆናል፣ ግራጫው ላይ ዝገት የሚመስል ነጠብጣብ አለ። መምህሬ ያን ነጠብጣብ በጥፍራቸው እየነኩ «እዚህ ድረስ ውሃ ይመላለሳል፣ ከዚህ በታች ግን ዓመቱን ሙሉ ተኝቷል» ይሉ ነበር። ምክንያቱም አፈር ውስጥ ብረት አለ። አየር ሲያገኝ ይዝጋል፣ ይቀላል። ውሃ ተኝቶበት አየር ሲያጣ ደግሞ ቀለሙ ይለቅና ግራጫው ይቀራል። ስለዚህ ማንም ሳይነግራችሁ፣ በበጋም ብትመጡ፣ ውሃው የት ድረስ እንደሚወጣ አፈሩን አይታችሁ ታውቃላችሁ። ይህን የሰማሁ ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ሌላ ልጨምር። ደንገል ታውቃላችሁ አይደል? የጣና ታንኳ የሚሠራበት። ግንዱን ብትቆርጡት ውስጡ ስፖንጅ ነው፣ በአየር የተሞላ። ሥሩ የሚቀመጥበት ጭቃ አየር የለውም፣ ስለዚህ ተክሉ ከላይ አየር ስቦ በግንዱ አሳልፎ ለሥሩ ይሰጣል። ያ ሥሩን በሕይወት የሚያኖረው አየር ነው ታንኳውንም የሚያንሳፍፈው! ታንኳው ውሃ እየጠጣ ሲከብድ አውጥተው ፀሐይ ላይ የሚያቆሙት ለዚህ ነው። ባሕር ዳር ያሉ ታንኳ ሠሪዎች ይህን መጽሐፍ ሳያነቡ ያውቁታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ያኔ አንድ አፍ ላይ የምትጣፍጥ ዓረፍተ ነገር ነበረችኝ። «ረግረግ ስፖንጅ ነው፣ በክረምት ውሃ ይጠጣል፣ በበጋ ለወንዙ ይለቃል።» ሪፖርቴ ላይም ጻፍኳት። መምህሬ አነበቡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፣ «የትኛው ረግረግ?»

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ አንድ ጽሑፍ ሰጡኝ። አንድሩ ቡሎክና ማይክ አክሪማን የሚባሉ የውሃ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2003 ያወጡት ነው። በዓለም ዙሪያ የተሠሩ 169 ጥናቶችን ሰብስበው ረግረግ ለወንዝ ምን ያደርጋል ብለው አንድ በአንድ ፈተሹ። ሜዳ ላይ ያሉ፣ ወንዝ የሚሞላቸው ረግረጎች ጎርፍን ያበርዳሉ ወይም ያዘገያሉ፣ አብዛኛው ጥናት ይህን ይደግፋል። ፎገራም የዚህ ዓይነት ነው። ተራራ ላይ፣ የወንዝ መነሻ አካባቢ ያሉት ግን ቀድመው ስለሚሞሉ ዝናብ ሲመጣ ጥቂት የማይባሉት ጎርፉን ያባብሳሉ። በበጋ ደግሞ ነገሩ እኔ እንደጻፍኩት አይደለም። ረግረግ ብዙ ውሃ ወደ ሰማይ ይሰዳል፣ እናም ከጥናቶቹ ሁለት ሦስተኛው ያህል ረግረግ በበጋ የታችኛውን ወንዝ ውሃ እንደሚቀንስ ያሳያሉ።

ደነገጥኩ። እንዲያውም ትንሽ ተናደድኩ። የምወደውን ነገር የነጠቁኝ መስሎኝ ነበር። ረግረግ እንዳይደርቅ የምንከራከረው በምን ልንከራከር ነው ታዲያ? መምህሬ ግን እርጋታቸው ያው ነው። «ሐሰት ይዘህ ብትሟገት አንድ ቀን የሚያውቅ ሰው ይመጣና እውነቱንም አብሮ ይጥልብሃል» አሉኝ።

ብዙ ቆይቼ ነው የገባኝ። እነዚህ ሰዎች ረግረግን የሚወዱት አሞግሰው አይደለም። ይህ ረግረግ ውሃውን ከየት ያገኛል፣ ከወንዝ ነው፣ ከዝናብ ነው፣ ከመሬት ውስጥ ነው? ስንት ወር ይተኛበታል? ወደ የት ይሄዳል? ይህን አንድ በአንድ ይጠይቃሉ፣ እናም ለዚያ ረግረግ ብቻ የሚሆን መልስ እስኪያገኙ በየሳምንቱ ይመለሳሉ። አንዱ ጎርፍ ይይዛል። ሌላው ወንዙ ያመጣውን ደለል ያስቀራል። ሌላው ከእርሻ የመጣውን ማዳበሪያ ይበላል። አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የማዳበሪያውን ናይትሬት ወደ ጋዝ ለውጠው ወደ ሰማይ ይለቁታል። ጣና ላይ በፈረንጆቹ 2011 እምቦጭ ታየ ተብሎ አገር ሲንጫጫ፣ ብዙዎቻችን ያየነው አረሙን ነው። አረሙን የሚያጠግበው ማዳበሪያና ደለል መሆኑን፣ ሐይቁ ዳር የነበረው ደንገል ደግሞ ያን ሲያጣራ የኖረ መሆኑን ያነሳ ሰው ጥቂት ነበር።

ገበሬውን እየወቀስኩ አይደለም። ሩዝ ለፎገራ እንጀራ ነው፣ ልጅ ያስተማረ ሩዝ ነው። በበጋ ፓምፕ ተክሎ የረግረጉን ውሃ ስቦ ሽንኩርት የሚያጠጣውም ቤተሰብ አለው። የሚያሳዝነኝ፣ ያ ረግረግ ምን እንደሚሠራ ሳይለካ «ባዶ መሬት» ተብሎ መከፋፈሉ ነው። አንዴ ከደረቀና ከታረሰ በኋላ ምን እንደነበረ ማን ይነግረናል? ያ የዝገት ነጠብጣብ ብቻ።

አንድ አዛውንት ነበሩ፣ ከብት ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ሰሞን ቧንቧ ስነፋ ቆመው ያዩኝ ነበር። አንድ ቀን ቀረብ አሉና፣

«ምን ፍለጋ ነው ልጄ?»

«ውሃ ነው አባባ። ከመሬት በታች የት እንዳለ እየለካን ነው።»

«ታዲያ እዚህ ምን አደከማችሁ? ሚያዝያ ላይ እኮ እዚህ አይገኝም። እዚያ ማዶ ነው፣ ሣሩ ጠቆር ያለበት። የእኔ ከብቶች እዚያ ነው የሚውሉት።»

ለመምህሬ ስነግራቸው ማስታወሻቸውን አውጥተው እኚያን አባት ፍለጋ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ቁጭ ብለው ጠየቋቸው። በማግስቱ ሣሩ ጠቆር ያለበት ቦታ ላይ አንድ ቧንቧ ጨመርን። ዙሪያውንም ከብት እንዳይረግጠው እሾህ አጠርንበት፣ አጥሩን ያጠሩት አባባ ናቸው።

ሚያዝያ መጣ። መሬቱ ተሰነጣጥቋል፣ እግር ያስገባል። የመጀመሪያውን ቧንቧ ነፋሁ፣ ዝም። ሁለተኛውን ነፋሁ፣ ዝም። እስከ ጫፉ አውርጄ ደረቅ ብዬ ጻፍኩ። ሁሉም እንደዚያው። መጨረሻ ላይ የአባባን አጥር ከፍቼ ገባሁ። ተንበረከክኩና ቱቦውን አወረድኩ። ክንዴን ያህል እንኳ አልወረደም። ቡልቅ ቡልቅ አለ።