ጠላት የሌለው ዘመቻ፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን እንግዶቻችን፣ አባቶችና እናቶች፣ የዐድዋን ዘመቻ በትርኢት የሚያሳየው ማኅበራችን የተከበራችሁ አባላት፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። አዳራሹን በነፃ የፈቀዱልንን፣ ከጎንደርና ከደብረ ታቦር ድረስ የመጡልንን እንግዶች፣ በጠዋት ተነሥተው ወንበር የደረደሩትን ወጣቶች ሁሉ አመሰግናለሁ። አጀንዳው ብዙ ስለሆነ ምስጋናውን በዚህ ላብቃ።

የዓመቱን ሥራ ዋና ጸሐፊያችን በዝርዝር ያቀርቡታል። በአጭሩ፣ ድንኳኖች አሰፍተናል፣ ነጋሪቱን አስጠግነናል፣ ከእንጨት የተጠረቡ የዘመኑን ጠመንጃዎች፣ ውጅግራዎችና ስናድሮች ጨምረናል። በየካቲት ወርም በሐይቁ ዳር ባለው ሕያው ሙዚየም ግቢ የዐድዋን ዘመቻ ሰፈር ቅዳሜና እሑድ አሳይተናል። ጎብኚው ከሁሉ ይልቅ የከበበው የሴቶች ክፍላችን ያዘጋጀውን የስንቅ ድንኳን ነው። አንዲት እናታችን በቅል ውኃ በሶ እየጨበጡ ሕፃናቱን ያጎርሱና «እሳት ካልነደደ ጭስ የለም፤ ጭስ ከሌለ ጠላት የት እንዳለህ አያውቅም» ይሏቸው ነበር። ከእኛ ፉከራ ሁሉ የእሳቸው ትምህርት ይበልጥ ነበር።

ባዶ ጥይት እናስተኩስ ለሚሉት አባላት መልሱ ያው ነው። ባሕር ዳር በእነዚህ ዓመታት የጥይት ድምፅ ጠግባለች። ልጆች ወደ ሙዚየም የሚመጡት ሊደነግጡ አይደለም። በነጋሪትና በእልልታ እንቀጥላለን።

አሁን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደ ነሣኝ ጉዳይ ልግባ። ጠላት የሚሆን ሰው አጣን።

ቀልድ ይመስላል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ለነበርነው ግን ቀልድ አልነበረም። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን የጎጃም ጦር ለመሆን የተመዘገበው ሰው ሞልቶ ተርፏል። ከዚያ ውስጥ ስንቱ «ፊታውራሪ ነኝ» እንዳለ አልናገርም፤ እንደ መዝገባችን ቢሆን የዘመተው ጭፍራ የሌለው የሹማምንት ጦር ነበር። በጣሊያን ወገን የቆመልን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብቻ ነው። ባርኔጣውን ደፍቶ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ብቅ ሲል ጎፈር የደፋው ሁሉ እያቅራራ ወረደበት። ተማረከ። ትርኢቱ በዚያ እንዳያልቅ በዛፎቹ ዙሪያ ዞሮ፣ ባርኔጣውን በቀይ ታርቡሽ ለውጦ ተመልሶ መጣ፤ አሁንም ተማረከ። በሦስተኛው ተመልካቹ ያጨበጨበው ለእሱ ነበር። ለብቻው የሮጠ የሚቀድመው የለም ይባላል፤ በዚያ ቀን እኛ የሮጥነው ለብቻችን ነው።

በሰኔው ስብሰባ እጅግ የማከብራቸው አባት ተነሥተው «የጣሊያን ልብስ ብለብስ ዐድዋ የዘመቱት የአያቴ አጥንት ይወቅሰኛል» አሉ። አዳራሹም አጨበጨበላቸው። ስሜታቸው ይገባኛል። ግን አባቴ፣ አያትዎ ከማን ጋር ተዋግተው ነው የምንኮራባቸው?

የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ያሰለፈው ከ17,000 በላይ ወታደርና 56 መድፍ ነበር። ሠራዊቱ በአራት ብርጌድ ተከፍሎ ሌሊቱን ሲጓዝ የጄኔራል አልቤርቶኔ ብርጌድ መንገድ ሳተ። በካርታው ላይ ኪዳነ ምሕረት ተብሎ የተመለከተው ኮረብታና በመሬት ላይ በዚያ ስም የሚጠራው ኮረብታ የተለያዩ ነበሩና፣ እውነተኛውን ፍለጋ ከሌሎቹ ተነጥሎ ወደ ፊት ዘለቀ። የእኛ ሰው ብርጌዶቹን በየተራ ያጠቃቸው እንዲህ ተነጣጥለው ስላገኛቸው ነው። አልቤርቶኔ ተማረከ፤ የሌሎች ሁለት ብርጌዶች አዛዦች፣ አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ፣ እዚያው ወደቁ። እስቲ ይህን በአንድ ተማሪ አሳዩኝ! ቢያንስ ተራርቀው የሚቆሙ ሦስት የጠላት ቡድኖች ያስፈልጋሉ። ያለዚያ ጎብኚው ይዞ የሚሄደው ጀግኖቻችን ባሕር ዛፍ ላይ ሲፎክሩ ያየውን ነው።

ከዚህም የሚከብደው የአስካሪው፣ ቀይ ታርቡሽ ደፍቶ በጣሊያን ወገን የተዋጋው የቅኝ ግዛት ወታደር፣ ጉዳይ ነው። የአልቤርቶኔ ተዋጊዎች አብዛኞቹ ከመረብ ማዶ፣ ከዛሬዋ ኤርትራ፣ የተመለመሉ ነበሩ። ከተማረኩት አስካሪዎች ብዙዎቹ ቀኝ እጃቸውንና ግራ እግራቸውን ተቆርጠዋል። ደስ የሚል ታሪክ አይደለም፤ ሆኖም የዚያው የድሉ ታሪክ ነው። እሑድ ጠዋት አንዲት ተማሪ ወደ ታርቡሹ እያመለከተች «ይሄኛው ጣሊያን ነው ወይስ ሐበሻ?» ብላ ጠየቀች። ፊታውራሪዎቻችን ተያዩ። አፉን ሞልቶ የመለሰላት አልነበረም። መልሱ ጠፍቶን አይመስለኝም፤ ታርቡሹን ራሱ ላይ ሊያደርግ የደፈረ ስላልነበረ ስለ እሱ አስቦ የመጣ ሰው አልነበረም።

ዛሬ ወንበራችሁ ባዶ ለሆነ አባላትም አንድ ቃል አለኝ፤ ንግግሩ በቴሌግራም እንደሚደርሳችሁ አውቃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ጋሻ አንግታችሁ፣ ሐይቁን ከኋላ አድርጋችሁ ፎቶግራፍ ተነሥታችኋል። ፎቶግራፉ ያማረ ነበር፤ እኔም አይቼዋለሁ። ከምሳ በኋላ ግን አጣናችሁ። እሑድ ማታ በነፋስ ድንኳን የነቀሉት በሶ ሲጨብጡ የዋሉት እነዚያው እናቶች ናቸው። አንዳችሁ ለፎቶግራፉ የተዋሳችሁትን ለምድ እስካሁን አልመለሳችሁም፤ ስም አልጠራም። የዓመት መዋጮ በቴሌብር ለመክፈል ደግሞ ከቤት መውጣትም አያስፈልግም።

ለልመና ጊዜው አልፏል። ሥራ አስፈጻሚው ለጉባኤው የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ከመጪው የካቲት ጀምሮ ወገን የሚለየው በዕጣ ይሆናል፤ ቅዳሜ ጎጃም የሆነ እሑድ ጣሊያን ወይም አስካሪ ይሆናል። ማዕረግም በዕጣ ነው። ስለ ዕድሜያቸው ወይም ስለ ሕሊናቸው የማይሆንላቸው አባቶች በስንቅ ድንኳኑ ያግዙናል፤ እዚያ የሚያሳፍር ልብስ የለም። የመጀመሪያውን ቅዳሜ የአልቤርቶኔን ባርኔጣ የምደፋው እኔ ነኝ፤ ለዚህ ዕጣ አያስፈልግም።

ጉባኤው ሐሳቡን ካጸደቀው ዕጣው ከሻይ ዕረፍት በኋላ እዚሁ ይወጣል። በሳጥኑ ውስጥ ያልመጡትም አባላት ስም አለ።