ዩሪያውን ዝናብ እንዳይወስደው፦ ባዮቻር በአዊ ማሳ

[ምስል፦ ፋግታ ለኮማ፣ አዊ። የዲከረንስ ዛፎች፣ ከጎናቸው የጤፍ ማሳ]

ተራኪ፦ አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይዟል። ገበሬው ያን ሁሉ ብር የሚያወጣው ለዚህ 46 ኪሎ ነው። ዩሪያው አፈር ውስጥ መጀመሪያ አሞኒየም፣ ቀጥሎ ናይትሬት ይሆናል፤ ሁለቱም ናይትሮጅኑን የያዙ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ናይትሬትን ደግሞ ውሃ በቀላሉ ይዞት ይሄዳል። እንደ አዊ ክረምቱ በሚጠናበት አገር፣ ብዙው ሥሩ ከሚደርስበት በታች ይሰርጋል።

[ምስል፦ የከሰል ቁራጭ፣ በጣም ተጠግቶ]

ባዮቻር የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። አገዳ፣ ቆረቆንዳ ወይም እንጨት አየር በተነፈገው እሳት፣ ከ350 እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲከስል ይገኛል። ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። አፈር ውስጥ ሲቆይ ገጹ ኔጌቲቭ ቻርጅ እያዳበረ ይሄዳል። አሞኒየም፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ቻርጃቸው ፖዘቲቭ ስለሆነ በኔጌቲቩ ገጽ ተስበው እዚያ ይያዛሉ፤ ሥሩ ሲፈልጋቸው ደግሞ ያገኛቸዋል። ናይትሬትን ግን ያን ያህል አይዝም። ዋናው ጥቅሙ ናይትሮጅኑን ገና አሞኒየም እያለ ማቆየቱ ነው።

የአዊ አፈር አሲዳማም ነው። ባዮቻር አብዛኛውን ጊዜ አሲዱን ትንሽ ያበርዳል፤ ኖራን ግን አይተካም።

[ምስል፦ ከሰል ከከሰለበት ቦታ ላይ የቀረ ድቃቂ]

ለዚህ ብሎ ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም፤ እንዲያውም መቆረጥ የለበትም። ፋግታ ለኮማ ላይ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል ያከስላል። ጆንያው ከሞላ በኋላ መሬት ላይ የሚቀር ድቃቂ አለ። ገበያ አይወጣም። ለማሳ ግን ከዚህ የተሻለ የለም፣ ቀድሞውኑ ደቋልና።

አደራ፣ ጥሬውን እንዳትበትኑት! ባዶው ቀዳዳ ለሰብሉ የታሰበውን ናይትሮጅን ቀድሞ ሊሻማ ይችላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ሰብሉ ቢጫ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ አጥግቡት። ድቃቂውን በከብት ሽንት አርሱት፣ ከፍግ ወይም ከኮምፖስት ጋር ቀላቅላችሁ ለጥቂት ሳምንታት ሸፍናችሁ አቆዩት። ማርጠቡ ሌላም ጥቅም አለው፦ አቧራው አይቦንም፣ ሳንባችሁም አይጎዳም።

[ምስል፦ ሁለት መደቦች ጎን ለጎን]

ማሳውን በሙሉ ለማልበስ ብዙ ኩንታል ይፈጃል። ያላችሁን ዘር በሚወርድበት መስመር ላይ ብቻ አድርጉት። አጠገቡ ባዮቻር የሌለበት መደብ ተዉ፤ ለሁለቱም እኩል ዩሪያ ስጡ። ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ከበረታ በኋላ፣ የቅጠላቸውን ቀለም አወዳድሩ። በአጨዳ ጊዜም ምርታቸውን ለየብቻ መዝኑ።