ፕላኑን የሚያነበው ማነው?

እንደምን ዋላችሁ! ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የማወራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ነገር ነው። ኩዌሪ፣ ማለትም ለዳታቤዙ የምንልከው ጥያቄ፣ ሲንቀራፈፍብን ኤክስፕሌይን ብለን ፕላኑን፣ ማለትም ሥራውን በምን በምን ደረጃ እንደሚሠራው፣ ዳታቤዙን እንጠይቃለን። መልሱን በምን ፎርማት ይስጠን የሚለውን ግን ብዙዎቻችን አስበንበት አናውቅም። የመጣውን መቀበል ነው።

ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ከ9.0 ቨርዥኑ ጀምሮ፣ ማለትም ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ አራት ምርጫ አለው፦ ተራ ጽሑፍ የሆነው ቴክስት፣ ፕሮግራም እንዲያነባቸው የተበጁት ኤክስኤምኤል እና ጄሰን፣ እንዲሁም ያምል። ዝም ካላችሁት ቴክስት ይሰጣችኋል።

ለዓይን ደግሞ ቴክስትን የሚያህል የለም። መስመሮቹ ገባ ገባ እያሉ ይወርዳሉ፤ ውስጥ ያለው ደረጃ ያገኘውን ረድፍ ለበላዩ ያቀብላል። አናላይዝ የሚለውን ምርጫ ስንጨምር ከግምቱ ጋር የምር የመጣው ረድፍም ይታያል፤ ዳታቤዙ 10 ረድፍ ገምቶ 90,000 ቢመጣበት ሁለቱ ቁጥሮች አንድ መስመር ላይ ናቸው። ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባሉ። በጄሰን ግን በመሃላቸው ሌላ መስመር ይገባል፤ ስክሪኑም ቅንፍ በቅንፍ ይሆናል።

እኔን ጉድ የሠራኝ ግን ይኸው ቴክስት ነው። በየሌሊቱ ፕላን እየሰበሰበ የረድፉን ቁጥር በሬጌክስ፣ ማለትም ከጽሑፍ ውስጥ በቅርጹ ፈልጎ በሚያወጣ ዘዴ፣ የሚቆርጥ ስክሪፕት ጽፌ ነበር። ለሳምንታት ኮራሁበት። አንድ ሌሊት ኩዌሪው አንዱን ደረጃ ሳይነካው አለፈ። ቴክስት እንዲህ ሲሆን ቁጥር አይጽፍም፤ «ጭራሽ አልተሠራም» ብሎ ያልፋል። ስክሪፕቴም ቁጥር አጥቶ ወደቀ። ጄሰን ቢሆን ዜሮ ብሎ ይጽፍለት ነበር። ባፈርስ፣ ማለትም ኩዌሪው ስንት የዳታ ገጽ እንደነካ የሚያሳየው ቁጥር፣ ላይም እንዲሁ ነው፦ ቴክስት ዜሮውን ይዘለዋል፣ ጄሰን ይጽፈዋል።

ስለዚህ ፕሮግራም የሚያነበው ከሆነ ጄሰን በሉት። ኤክስኤምኤልን የሚጠይቃችሁ መሣሪያ ከሌለ ተዉት። ያምልን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተጠቅሜበት አላውቅም።

ሌላው ዳታቤዝ ማይኤስኪውኤል ላይ የተለመደው ሠንጠረዥ የትኛው ኢንዴክስ (ረድፍ ቶሎ ማግኛ ማውጫ) እንደተመረጠ ያሳያል፤ የትኛው ደረጃ ለየትኛው እንደሚያቀብል ግን ከእሱ ማንበብ ከባድ ነው። ለዚያ ከ8.0.16 ቨርዥን ጀምሮ የመጣው ትሪ የሚባል ፎርማት ይሻላል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። ፖስትግሬስ ላይ አናላይዝ ከጨመራችሁ ኩዌሪው የምር ይሠራል። ዴሊት ከሆነ ዳታው ሄደ ማለት ነው፤ ፎርማቱ አያድናችሁም። በቢጊን ጀምራችሁ በሮልባክ ጨርሱ፤ ሮልባክ የተሠራውን መልሶ ይሽረዋል።

ለባልደረባ ስትልኩም ቴክስቱን ኮፒ አድርጉ እንጂ ስክሪንሾት አትላኩ። ሰው ፎቶ ውስጥ ቃል መፈለግ አይችልም።

አሁን ላፕቶፔን ልክፈትና ያንን ስክሪፕቴን የጣለውን ፕላን በሁለቱም ፎርማት ላሳያችሁ።