መጀመሪያ ምክንያቱን ንገሩኝ

በደብረ ብርሃን ለነዋሪዎችና ለፖሊስ አባላት የቀረበ ንግግር

እናቶቼና አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ የደንብ ልብሳችሁን እንደለበሳችሁ የመጣችሁ የፖሊስ አባላት፣ እንደምን አመሻችሁ? በዚህ ብርድ ጋቢያችሁን ደርባችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

ስለ ብርበራና ስለ እስር ከሚናገረው ሕግ በፊት ስለ አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። ልጅ ነበርኩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ በራችን ተደበደበ። ታጣቂዎች ገቡ። ምን እንደሚፈልጉ አልተናገሩም፤ ወረቀትም አላሳዩም። እናቴ ጤፉን፣ ገብሱንና ባቄላውን ለየብቻ በጎታ አስቀምጣ ነበር። ሁሉንም መሬት ላይ ዘረገፉት። ምንም አላገኙም። ይቅርታ ሳይሉ ወጡ። እናቴ ሦስት ቀን ሙሉ ሰፌድ ይዛ እህል ስትለይ ነበር። ባቄላው ተለቀመ። ጤፉ ግን ከአፈር ጋር ተደባልቆ ነበርና ለምንም አልሆነም። ጠበቃ ያደረገኝ ያ ሰፌድ ነው ብል አላጋነንኩም።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የሰው ቤት፣ ሰውነትና ንብረት እንዲሁ እንዳይበረበር ይጠብቃል። ዝርዝሩ ያለው በ1954 በወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ቤት ለመበርበር የፍርድ ቤት ማዘዣ ያስፈልጋል። ፍርድ ቤቱ ለይቶ ካላዘዘ በቀር ብርበራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው። ሰው ሲፈተሽም ሴትን ሴት፣ ወንድን ወንድ ይፈትሻል።

ያለ ማዘዣ የሚገባበት ጊዜም አለ። ፖሊስ እግር በእግር እያባረረው ያለ ተጠርጣሪ ቤት ውስጥ ከገባ፣ ማዘዣ ይምጣ አይባልም። ከ3 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃ መደበቁ በበቂ ምክንያት ተጠርጥሮ፣ ማዘዣ እስኪመጣ ማስረጃው ከቦታው ይወሰዳል ተብሎ ሲታመንም እንዲሁ። በሁሉም ቦታ ግን ምክንያት መኖር አለበት። ምክንያቱ ደግሞ ከብርበራው በፊት እንጂ በኋላ የሚፈለግ አይደለም።

አያቶቻችን ሌባሻይ ያውቁ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ይለቀቃል። እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ዛሬ ያንን ስንሰማ ይዘገንነናል። ግን "ሁኔታው አላማረኝም" ብሎ ሰው መያዝ በምን ይለያል?

ከደብረ ሲና ወደዚህ ስመለስ ያየሁትን ልናገር። ኬላ ላይ አውቶቡሱ ቆመ። "መታወቂያ አውጡ!" ተባለ። አውቶቡሱ በሙሉ ለመሣሪያ ቢፈተሽ ቅር አይለኝም፤ የዚህን መንገድ ስጋት እናውቀዋለን። ከሁላችን መሃል ግን አንድ ወጣት ብቻ እንዲወርድ ተደረገ። የተጠየቀው የት እንደተወለደና ምን ቋንቋ እንደሚናገር ነው። ምን አደረግክ ያለው አልነበረም። የመታወቂያ ካርዱን በሁለት እጁ ይዞ ነበር፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። አውቶቡሱ ትቶት ሄደ። እኔም ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 በብሔር፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት ልዩነት አይደረግም የሚለው ለዚያ ልጅ ነበር።

"አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅስ?" ትሉኝ ይሆናል። ያን ጊዜ ብዙ መብት ሊገደብ ይችላል። አንቀጽ 93 ግን የማይነኩትን ለይቷል። እኩልነት፣ ማለትም አንቀጽ 25፣ አይነካም። ከጭካኔና ከኢሰብዓዊ አያያዝ የሚጠብቀው አንቀጽ 18ም አይነካም።

አሁን ወደ ጣቢያ እንግባ። "ፈርምና ትለቀቃለህ" የሚል ቃል ስንቱን ልጅ እንዳስፈረመ ደንበኞቼ ነግረውኛል። የ1954ቱ ሕግ መርማሪ በማስፈራራትም በተስፋም ቃል እንዳይቀበል ይከለክላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል። ዝም የማለት መብት አለው፤ የሚናገረው ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችልም ይነገረዋል። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ከመንዝ ገጠር ለመምጣት የሚፈጀው የጉዞ ጊዜ አይቆጠርም። ተገዶ የሰጠው ቃል ማስረጃ ሆኖ አይቀርብበትም።

እናንተ የፖሊስ አባላት፣ ሥራችሁ ከባድ ነው። እናንተም ልጆቻችን ናችሁ። ግን በዱላ የተገኘ ቃል ፍርድ ቤት ውድቅ ሲያደርገው እውነተኛው ወንጀለኛም አብሮ ያመልጣል። የወንጀል ሕጉም ሕገ ወጥ ብርበራን በአንቀጽ 422፣ ተጠርጣሪን ማሰቃየትን በአንቀጽ 424 ያስቀጣል።

እናቶቼ፣ በሌሊት በራችሁ ከተንኳኳ አትጋፉ፤ አትሳደቡ። "ልጆቼ፣ ማዘዣውን አሳዩኝ" በሉ። ጎረቤት ጥሩ። የተወሰደው ዕቃ አንድ በአንድ ይጻፍ። ማንበብ ካልቻላችሁ የሚያነብላችሁ ሰው ሳይመጣ አትፈርሙ። ማዘዣ ካላሳዩዋችሁ ሰዓቱንና የመጡትን ሰዎች ብዛት ያዙ፤ ጠዋት ለጠበቃ ንገሩ። ልጃችሁ ተይዞ ፍርድ ቤት ካልቀረበም፣ አካሉ ነፃ እንዲወጣ እናንተው ለፍርድ ቤት ማመልከት ትችላላችሁ።

አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። ከኋላ የተቀመጡት እናቶች ይቅደሙ።